ከባህር ዛፉ ሥር ያለው እንጦጦ

የእንጦጦን ታሪክ ከዳግማዊ ምኒልክ የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። ተራራው ግን ከእሳቸው በፊትም ነገሥታትን ያውቃል። በእንጦጦ ማርያምና በየካው ውቅር ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ሚካኤል መካከል 30 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን የመካከለኛው ዘመን ፍርስራሽ አለ። አጥኚዎች በአምስት ማዕዘን ቅርጹ «ፔንታጎን» ይሉታል። 12 ማማዎች ያሉት ምሽግና 520 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ግንብ ያለበት ሲሆን የግንቡ ቁመት አንዳንድ ቦታ ላይ 5 ሜትር ይደርሳል።

በ1450ዎቹ እ.ኤ.አ. በቬኒስ አጠገብ፣ በሙራኖ ደሴት ገዳም የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ ተጽፋ ትገኛለች። ከተማዋ በኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ጠፋች፤ ከዚያ በኋላ የት እንደነበረች የሚያሳይ ሰው አልተገኘም። ሃርትዊግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክረስት ከወጨጫ እስከ የረር ያለውን አገር ቃኝተው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጥያቄውን እንደገና አነሡት። ባራራ በእንጦጦ ላይ ነበረች የሚሉት ወገኖች ዋና ማስረጃቸው ይኸው ባለ አምስት ማዕዘን ፍርስራሽ ነው።

ይህን የሚያህል ግንብ ከአንድ ትልቅ ከተማ ራስጌ ላይ ቆሞ ለዘመናት ሳይጠና መቅረቱ ያስገርማል። ምክንያቱ ግን ሩቅ አይደለም፤ ዛፍ ነው። የእንጦጦ ዛፍ ተቆርጧል፣ ተተክሏል፣ እንደገና ተቆርጧል፤ ዛሬም በሌላ ዛፍ እየተተካ ነው። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ይህን አገር ሊለካ የመጣ ሁሉ፣ የማዕዘን መለኪያ የሆነውን ቴዎዶላይት ይዞ ይምጣ አውሮፕላን ወይም ሌዘር፣ አንድ ጥያቄ ሲገጥመው ኖሯል፦ የለካሁት ዛፉን ነው ወይስ መሬቱን?

ከጫፍ ወደ ጫፍ

የካቲት 1830 ዓ.ም. ምጽዋ የደረሰው ተጓዥና ቀያሽ አንቷን ዳባዲ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ተዘዋወረ። ትንሽ ቴዎዶላይት ይዞ ተራራ ይወጣል፤ ከዚያ ሆኖ የሚታዩትን ጫፎች ሁሉ ማዕዘን ይመዘግባል፤ ወደ ሌላው ጫፍ ይሻገርና መልሶ ያያል። የሦስት ማዕዘን ሰንሰለት እየቀጠለ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ከፋ ድረስ ያሉትን ቦታዎች ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ አሰላ። ውጤቱን ከ1860 እስከ 1873 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳተመ።

የዳባዲ ዘዴ ለራሱ ዘመን ድንቅ ነበር። ገደቡም ግልጽ ነው፤ የሚለካው ከሩቅ የሚታየውን ብቻ ነው። ራቁቱን የቆመ ጫፍ ቁጥር ያገኛል። በጽድና በወይራ የተሸፈነ ሸንተረር ግን በሁለት ጫፎች መካከል የሚቀር ባዶ ቦታ ነው። ቀያሽ ቁልቁለቱን በመስመር ሲስለው በልኬት ሳይሆን በዓይኑ ግምት ነበር። ይህ ልማድ ከዳባዲ በኋላም መቶ ዓመት ገደማ ዘለቀ።

ምኒልክ፣ ማገዶና ባህር ዛፍ

ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ሁለት ነገር ሳባቸው። አንደኛው ከፍታው ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ከሚያልፍ ቦታ ላይ ጠላት ሳይደርስ ይታያል። ሁለተኛው የአፄ ዳዊት ከተማ እዚህ ነበረ የሚለው ትውፊት ነው። የድሮ ግንብ ፍርስራሽ መኖሩ በዚያ ዘመን ይታወቅ ነበር፤ ምኒልክም የአባቶቻቸውን ከተማ መልሰው የሚያቀኑ መስሎ ታያቸው። ስምንት ማዕዘን ያላት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ዘመን ተሠራች። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው በአቡነ ማቴዎስ እጅ የተቀቡት በእርሷ ነው።

ዘውዱ ሲደፋ ግን ከተማው ወደ ታች መውረድ ጀምሮ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። እንጦጦ ላይ ውሃ ሩቅ፣ ብርዱም ጽኑ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የእንጨት ነገር ነው። የንጉሡ ግቢ፣ የመኳንንቱ ሰፈር፣ የሠራዊቱ ድንኳን፣ የቤቱ ግድግዳና ወጋግራ፣ የጠጁና የእንጀራው ማገዶ በሙሉ ከተራራው ይወርዳል። ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው አለቀ። የማገዶው መንገድ በየዓመቱ እየራቀ ሄዶ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ።

አዲስ አበባን ከመፍለስ ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ባህር ዛፍ አገር ቤት ገባ፤ ያስገባው ፈረንሳዊው ካዚሚር ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ በብዙዎች ይነገራል። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፣ ከብት አይበላውም፣ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ ራቁቱን የነበረው የእንጦጦ ግርጌና ጎን በነጭ ባህር ዛፍ ተሸፈነ። ሰው የተከለው ይህ ደን የከተማዋን ማገዶ ችግር ፈታ፤ ከሥሩ ያለውን መሬት፣ የድሮውን ግንብ ጨምሮ፣ ከዓይን ጋረደ።

ከላይ የተነሣው ፎቶ

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ካርታ የሌለው አገር መግዛት እንደማይችል ያውቅ ነበር። የፍሎረንሱ ወታደራዊ ጂኦግራፊ ተቋም አውሮፕላን አሰማርቶ ሰፊ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክፍል አስነሣ። ፎቶዎቹ በወፍራም ካርቶን ላይ በአራት በአራት ተለጠፉ፦ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሦስቱ ወደ ጎን አዘንብለው የተነሡ። እነዚህ 8,281 ካርቶኖች አዲስ አበባ በነበረው የካርታ ሥራ ድርጅት ግምጃ ቤት ውስጥ ለአሠርት ዓመታት ተረስተው ቆዩ። በኋላ ተገኝተው በኢትዮጵያና በቤልጂግ ተመራማሪዎች ትብብር ወደ ዲጂታል ተቀየሩ። ዛሬ የ1920ዎቹ ማብቂያና የ1930ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ መልክ የሚጠናው ከእነርሱ ነው።

የአየር ፎቶ ከፍታ የሚሰጠው አንድ ነጥብ ከሁለት ቦታ በተነሡ ሁለት ፎቶዎች ላይ ሲታይ ነው። ባለሙያው ሁለቱን ምስሎች በስቴሪዮስኮፕ አጣምሮ ሲያይ ተራራው ከወረቀቱ ይነሣል። ባዶ ማሳ፣ ገደልና መንገድ በዚህ መንገድ በደንብ ይለካሉ። ጥቅጥቅ ያለ ደን ላይ ግን ሁለቱም ፎቶዎች የሚያሳዩት የዛፉን ጫፍ ነው። ካርታ ሠሪው ያለው ምርጫ የዛፉን ቁመት ገምቶ መቀነስ ነው፤ 20 ሜትር ነው ብሎ ቀንሶ እውነቱ 12 ቢሆን ስምንት ሜትር ጉድጓድ በካርታው ላይ ቆፍሯል ማለት ነው።

ከነፃነት በኋላ ሥራው ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት እጅ ገባ። የካርታና ጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት በ1947 ዓ.ም. ገደማ ተቋቋመ። ከ1949 እስከ 1953 ዓ.ም. በአባይ ተፋሰስ ጥናት ምክንያት የአሜሪካ ቀያሾች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በተራሮች ጫፍ ላይ የሲሚንቶ ምሰሶ እየተከሉ የልኬት መረብ ዘረጉ። መነሻ ነጥቡ በአቡ ሲምበል አቅራቢያ ያለው አዲንዳን ስለነበር የኢትዮጵያ ካርታ ለአሠርት ዓመታት «አዲንዳን» በሚባል መሠረት ላይ ተቀምጧል። ከ1955 እስከ 1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ተልዕኮ በአውሮፕላንና በሄሊኮፕተር ቀጠለበት። በኋላ የወጣው 1፡50,000 ካርታ መሐንዲሱ፣ ግብርናውና ጦሩ ለአሠርት ዓመታት የሠሩበት ነው።

በዚያ ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮቹ በ20 ሜትር ልዩነት ይሄዳሉ። ለመንገድና ለግድብ ቅድመ ጥናት ይበቃል። 5 ሜትር ቁመት ያለው ግንብ ግን በሁለት መስመሮች መካከል ገብቶ ይጠፋል፤ ባህር ዛፍ ከጋረደው ደግሞ ጭራሽ የለም።

ብርሃን ሲቆጠር

የአሜሪካና የኢትዮጵያ ቀያሾች ምሰሶ እየተከሉ ሳሉ፣ ግንቦት 1952 ዓ.ም.፣ ቴዎዶር ሜይማን በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ሌዘር ለልኬት የሚመች ብርሃን ነው፤ ብዙ ሳይበተን ይጓዛል፣ እጅግ አጭር በሆነ ምት ሊላክ ይችላል። ብርሃን በናኖ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ምቱ ሄዶ ለመመለስ የፈጀውን ጊዜ በአንድ ናኖ ሰከንድ ልክ የሚቆጥር ሰዓት ርቀቱን በ15 ሴንቲ ሜትር ልክ ያውቃል። በ1971 እ.ኤ.አ. አፖሎ 15 የጨረቃን ከፍታ በዚህ መንገድ ለካ።

በአውሮፕላን ላይ ለመሥራት ግን ሌላ ነገር ያስፈልግ ነበር። ምቱ በተላከበት ቅጽበት አውሮፕላኑ የት እንደነበረና ወደ የት እንዳዘነበለ ካልታወቀ ርቀቱ ብቻውን ጥቅም የለውም። ጂፒኤስና የማዘንበል መለኪያ መሣሪያ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲዳብሩ ሊዳር የተባለው የሌዘር መለኪያ ለገበያ በቃ። መሣሪያው በሰከንድ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ምቶች ይልካል፤ እያንዳንዱ መልስ በኬክሮስ፣ በኬንትሮስና በከፍታ ተመዝግቦ አንድ ነጥብ ይሆናል። የነጥቦቹ ክምችት የነጥብ ደመና ይባላል።

ሊዳርን ከፎቶ የለየው ዋና ነገር ከዛፍ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የብርሃኑ ምት መሬት ሲደርስ ስፋት አለው። ከፊሉ በቅጠል ላይ ይመታና ይመለሳል፤ ከፊሉ በክፍተቱ አልፎ ቅርንጫፍ ይመታል፤ የቀረው መሬት ይደርሳል። ከአንድ ምት ሦስት አራት መልስ ይገኛል። ፎቶ አንድን ቦታ ለመለካት ሁለት ጊዜ ማየት ሲኖርበት ለሌዘር አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል።

የመጨረሻው መልስ ሁሉ ግን መሬት አይደለም። ብዙ ጊዜ ቁጥቋጦ ነው፣ ሣር ነው፣ የወደቀ ግንድ ነው። ስለዚህ ከደመናው ውስጥ የመሬቱን ነጥቦች የመለየት ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በ1998 እ.ኤ.አ. ካርል ክራውስና ኖርበርት ፋይፈር በቪየና ደን ላይ የሠሩትን ዘዴ አሳተሙ፦ በመጀመሪያ በነጥቦቹ ሁሉ መካከል የሚያልፍ ገጽ ይሠራል፤ ከዚያ በታች ያሉት ነጥቦች ክብደት ይጨመርላቸዋል፣ ከላይ ያሉት ይቀነስባቸዋል፤ ገጹ እየተደጋገመ ሲሠራ ወደ መሬቱ ይወርዳል። በ2000 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ፒተር አክሰልሰን ሌላ መንገድ አመጣ። ከየሠፈሩ ዝቅተኛውን ነጥብ መርጦ በሦስት ማዕዘኖች ያያይዛቸዋል፤ ከዚያ ለሦስት ማዕዘኑ ገጽ በርቀትና በማዕዘን የሚቀርቡትን ነጥቦች እየጨመረ መረቡን ያጠብቃል። ብዙ የቅየሳ ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች ዛሬም በዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የቤጂንግ ተመራማሪዎች ደመናውን በኮምፒውተር ገልብጠው የሒሳብ ጨርቅ ጣሉበት፤ ጨርቁ ያረፈበት መሬት ነው ተባለ።

ሦስቱም ዘዴዎች አንድ ነገር ያስማማቸዋል። መሬት ከአካባቢው ዝቅ ያለና በድንገት የማይነሣ ነው ብለው ይገምታሉ። በሜዳ ላይ ግምቱ እውነት ነው። ገደል፣ ዳገትና ግንብ ባለበት ግን ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል።

ሌዘር በኢትዮጵያ ሰማይ

የካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ አብዛኛውን የዓለም የብስ በራዳር ለካች። ለኢትዮጵያ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ በ1፡50,000 ካርታ ላይ የነበረውን በእጅ መቅዳት ቀርቶ የከፍታ መረጃ በኮምፒውተር ተገኘ። የ30 ሜትሩ ዝርዝር መረጃ ለአፍሪካ የተለቀቀው ግን ከዓመታት በኋላ፣ መስከረም 2007 ዓ.ም. ነው። ራዳሩ የተጠቀመበት ሞገድ 5.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ጥቅጥቅ ባለ ቅጠል ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። ባህር ዛፍ በተቆረጠበትና ባልተቆረጠበት ማሳ ድንበር ላይ መረጃው የሌለ ገደል ያሳያል። ቆራጩ መጥረቢያውን ይዞ ሲሄድ ተራራው ዝቅ ያለ ይመስላል።

በዚያው ዘመን ሌዘር ስካን መሬት ላይ ቆሞ መሥራት ጀመረ። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለካ። ድንጋዩ ራቁቱን የቆመ ነውና ቤተ ጊዮርጊስ ላይ የሚጣራ ቅጠል አልነበረም፤ ችግሩ ከጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ሁሉንም ጎን ማየት ነበር።

ከአየር የተደረገው ልኬት በአፋር መጣ። መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አጠገብ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ የቀለጠ አለት ከሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን ክፍል በጥቂት ሳምንት ውስጥ በሜትሮች ከፈተው። ይህን ለማጥናት የብሪታኒያ የምርምር አውሮፕላን ጥቅምት 2002 ዓ.ም. ላይ አፋርን በሊዳር ለካ። እዚያ ዛፍ አልነበረም፤ የነጥብ ደመናው ሁሉ መሬት ነው ማለት ይቻላል።

ኅዳር 2005 ዓ.ም. ያው አውሮፕላን ወደ ስምጥ ሸለቆው መካከል ሲመለስ ነገሩ ተለወጠ። የተለካው በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው አሉቶ እሳተ ገሞራ ነበር፤ በእንፋሎቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት ጣቢያ የተተከለበት ቦታ ነው። ዳገቱ በግራርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ፣ ቁልቁለቱ በማሳ የተያዘ ነው። ተመራማሪዎቹ ተክሉን አጣርተው ያገኙት የመሬት ሞዴል ከመሬት ለሚወጣው ጋዝ ጥናት መመሪያ ሆነ፤ በዓይን የማይለዩ ስንጥቆችና የድሮ አፎች ተራ በተራ ታዩ፣ ጋዝ የሚወጣውም በእነዚሁ ስንጥቆች መሆኑ ተረጋገጠ። በኢትዮጵያ ከቅጠል ሥር ያለ መሬት በሌዘር ሊነበብ እንደሚችል አሉቶ አሳየ።

ሌላው ዓለም በዚያው ሰሞን ዛፍ የደበቃቸውን ከተሞች እያገኘ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. ቤሊዝ ውስጥ በካራኮል ላይ የተደረገ በረራ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያ ከተማ አሳየ፤ አርኪዮሎጂስቶቹ ከዚያ በፊት በሃያ አምስት ዓመት እግር ጉዞ የቃኙት ከዚህ ክፍል አንድ ስምንተኛውን ያህል ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካምቦዲያ ከአንኮር ደን ሥር የጎዳናና የኩሬ ሥርዓት ወጣ።

ተራራው እንደገና ሲለወጥ

የእንጦጦ ከፍታ በሌላ መንገድ ለሳይንስ አገለገለ። በ2007 ዓ.ም. 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የምልከታ ማዕከል ተመረቀ። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ 1 መረጃዋን የምታወርደው እንጦጦ ላይ ወደተተከለው ጣቢያ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ገደማ የስፔስ ተቋሙና ከድሮው የካርታ ኢንስቲትዩት የመጣው የጂኦስፓሻል ተቋም በአንድ ኢንስቲትዩት ተዋሐዱ። ዳባዲ በማዕዘን የጀመረው፣ ጣሊያን በፎቶ የቀጠለው ሥራ ሀገራዊ ባለቤቱ ይኸው ተቋም ሆነ።

ኅዳር 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ጄዲ የተባለው ሌዘር ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተላከ። መሣሪያው የተሠራው ለደን ልኬት ነው። በምድር ላይ 25 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያበራል፤ ከዛፉ ጫፍ እስከ መሬት የተመለሰውን ብርሃን ሙሉ ሞገድ አድርጎ ይመዘግባል። የእንጦጦን ባህር ዛፍ ቁመት ይነግራል። ክቦቹ ግን በ60 ሜትር ልዩነት የሚቀመጡ ስለሆነ ከመካከላቸው ያለው ምንም አይታይም። የፔንታጎንን ግንብ ለማየት አይበቃም።

ከሥር ደግሞ ተራራው በፍጥነት ይለወጥ ነበር። በጉለሌ 705 ሄክታር የያዘው የእፅዋት ማዕከል ባህር ዛፉን እያነሣ አገር በቀል ዛፍ ተከለበት። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. 1,300 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ፤ መንገዱ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የእግረኛ ጎዳናው ዳገቱን በየቦታው ቆረጠው። በዚያው ሰሞን ዲጄአይ ኩባንያ በድሮን የሚበር ሌዘር ስካነር አስተዋወቀ። ለበረራ አውሮፕላን መከራየት የሚያስፈልግበት ዘመን ለአነስተኛ ቦታ አበቃ፤ የመንግሥት ፈቃድና የሠለጠነ እጅ ካለ አንድ ተራራ በጥቂት ቀናት ሥራ ሊለካ ይችላል።

ግንብ ወይስ ቁጥቋጦ

እዚህ ላይ የእንጦጦ ባህር ዛፍ ጠባይ ከታሪክ ወደ ቴክኒክ ይገባል። የጎለመሰ ነጭ ባህር ዛፍ ቅጠሉ ቀጭን፣ እንደ ማጭድ የተቆለመመና ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። ብርሃን በመካከሉ ያልፋል፤ ከላይ የተላከ ምት ብዙ ክፍተት ያገኛል። ተቆርጦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ግን ሌላ ነው። የልጅ ቅጠሉ ሰፊ፣ ሰማያዊ አመድ የመሰለ፣ ግንዱን የታቀፈና አግድም የተዘረጋ ነው። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ስለሚወጣ ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር የሚደርስ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሆናል። ሌዘሩ ረጅሙን ዛፍ አልፎ አጭሩ ላይ ይቆማል። ማጣሪያው ታዲያ ይህን አጭር ግርዶሽ መሬት ነው ብሎ ሊቀበለው ይችላል።

የፔንታጎን ግንብም ዝቅ ባለበት ቦታ በዚህ ከፍታ ውስጥ ይገባል። ሁለት ሜትር የቆመ የድንጋይ ክምር ከሁለት ሜትር ቁጥቋጦ በነጥብ ደመና ውስጥ አይለይም። ማጣሪያው ጥብቅ ከተደረገ ቁጥቋጦውን ያነሣል፤ ከእርሱ ጋር ግንቡንም ይወስዳል፣ ማማዎቹን ቤት ናቸው ብሎ ይጥላቸዋል። ልል ከተደረገ ግንቡ ይቀራል፤ ቁጥቋጦውም ይቀርና ባልነበረበት ቦታ ግንብ ይፈጠራል። በጸሐይ ጥላ አድርጎ የተሳለው ሞዴል በሁለቱም ጊዜ እውነት ይመስላል። ለዓይን ያማረ መሆኑ ትክክል ለመሆኑ ምስክር አይሆንም።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ደኖች ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መድኃኒት ቅጠሉ ሲረግፍ መብረር ነው። እንጦጦ ላይ ባህር ዛፍም ጽድም ቅጠል አያራግፉም፤ በረራውን ወደ በጋ ማድረግ የሣሩን ችግር ያቀልላል እንጂ የዛፉን አይፈታም። የሚቀረው የምቱን ብዛት መጨመርና በተለያየ አቅጣጫ እየተሻገሩ መብረር ነው። ከሁለት ጎን በተመታ ቁጥቋጦ ሥር ከአንዱ ጎን ያልታየ መሬት ሊገኝ ይችላል።

ከዚያ በኋላ እግር ይመጣል። ጂፒኤስ በደን ውስጥ ሲገባ ስለሚሳሳት ቀያሹ ከክፍት ቦታ ተነሥቶ ማዕዘንና ርቀት በሚለካው ቶታል ስቴሽን ወደ ዛፉ ሥር መግባት አለበት። ችካሉን በሜዳውም፣ በዳገቱም፣ በቁጥቋጦው ውስጥም ያኖራል። በሦስቱ ቦታ ያለው ስሕተት ለየብቻው ካልተሰላ አጠቃላይ አማካይ ቁጥር ያታልላል፤ በመኪና ማቆሚያው ላይ የተገኘው ጥሩ ውጤት በጥሻው ውስጥ ያለውን መጥፎ ውጤት ይሸፍነዋል።

በእንጦጦ ደግሞ ከመሣሪያው በፊት መሬቱን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ለብዙ አሠርት ዓመታት ቅጠል እየጠረጉ፣ ጭራሮ እየለቀሙ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የወረዱት ሴቶች የተራራውን እያንዳንዱን ጠባብ መንገድ ያውቁታል። ቅጠሉ በመጠረጉ አፈሩ ለጎርፍ ተጋልጧል፤ የተረገጠው መንገድም ዓመት በዓመት እየጠለቀ ቦይ ሆኗል። በመሬት ሞዴሉ ላይ ቦዩ ረጅም ቀጥ ያለ ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል። ከተማ ሆኖ ሞዴሉን ብቻ ያየ አርኪዮሎጂስት የድሮ ምሽግ ጉድጓድ ነው ሊል ይችላል። በዚያ መንገድ ሸክም ያወረደች ሴት ብትጠየቅ ግን መቼ እንደጠለቀ ትነግረዋለች።

የነጥብ ደመና የሚቀመጥበት መደበኛ ፋይል እያንዳንዱን ነጥብ በቁጥር ይፈርጃል፦ 2 መሬት፣ 3 አጭር ተክል፣ 4 መካከለኛ፣ 5 ረጅም፣ 6 ሕንፃ። ይህ ሥርዓት ለእንጦጦ ትልቅ ትርጉም አለው። ነጥቡ ይፈረጃል እንጂ አይጠፋም። በማጣሪያው የተፈረደበት ግንብ ጥሬው ደመና እስካለ ድረስ ይግባኝ ማለት ይችላል። በተግባር ግን ሥራ ያሠራው መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ የሚረከበው የመጨረሻውን ሞዴል ብቻ ነው፤ ጥሬው መረጃ በኮንትራክተሩ ዲስክ ላይ ይቀርና ይረሳል። የጣሊያን ካርቶኖች ለአሠርት ዓመታት ግምጃ ቤት ውስጥ ከርመው ዛሬ የጠቀሙት ጥሬዎቹ ፎቶዎች ስለነበሩ ነው። ከእነርሱ የተሳለው ካርታ ብቻ ቢተርፍ ኖሮ ካርታ ሠሪው ያልጠየቀውን ጥያቄ ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም ነበር።

ስለዚህ በእንጦጦ ላይ ሌዘር የሚበርበት ቀን ሲመጣ ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይግባ። ጥሬው የነጥብ ደመና ከነፍረጃው ለሕዝብ ተቋም ይረከብ። የመስክ ፍተሻው በክፍት ቦታና በቁጥቋጦ ሥር ተለይቶ ይጻፍ። በግንቡ አካባቢ ያለው ፍረጃ ደግሞ ለሶፍትዌር ብቻ ሳይተው አርኪዮሎጂስቱ፣ ቀያሹና ተራራውን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው አብረው ይዩት። ባህር ዛፉ በአገር በቀል ዛፍ እየተተካ ስለሆነ ጽዱና ኮሶው ሲጎለምሱ መሬቱን ከላይ ማየት ከዛሬው የበለጠ ይከብዳል። ግንቡን ለመለካት የተሻለው ጊዜ የአሁኑ ነው።